የቆመው ጎማ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ነሐሴ ላይ ነው፤ ከደጎሎ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ። አንዲት ነጭ ቪትዝ ከፊት የመጣ አይሱዙ ለማሳለፍ ወደ ዳር ጠጋ ስትል የቀኝ የፊት ጎማዋ ዋልካ ውስጥ ገባ። የግራው ጠጠር ላይ ቀረ። ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የቀኙ ጎማ ይሾራል፤ ጥቁሩን ጭቃ እስከ መስኮቱ ይረጨዋል። የፍጥነት መለኪያው 40ን አልፏል፤ መኪናዋ ግን ካለችበት ስንዝር አልተነቃነቀችም። ደረቅ ጠጠር ላይ ያለው፣ እንዳይሄድ ምንም የማይከለክለው የግራ ጎማ ዝም ብሎ ቆሟል።

እረኞችና ከማሳ የመጡ ወጣቶች ተሰብስበዋል። «አብሽር፣ ትወጣለች!» እያሉ ገለባና ድንጋይ ከሚሾረው ጎማ ሥር ይጎሰጉሳሉ። ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ግን ዓይናቸውን ከቆመው ጎማ ላይ አልነቀሉም።

«ልጄ፣ ይኸኛው ተሰብሮ ነው?»

«አይ አባባ፣ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ጓደኛው ሲለፋ ቆሞ የሚያየው ምን ሆኖ ነው?»

ሹፌሩ ሳቀ እንጂ አልመለሰም። ቪትዝ የሚነዱ አብዛኞቹ ሰዎችም ቢጠየቁ አይመልሱም፤ መኪናው ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል የሚያዞር ይመስላቸዋል። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ፎርድን፣ ሆንዳንና ሬኖን ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ጥያቄ ነው። ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ በተባለው መወዳደሪያ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ተራ በተራ ክብረ ወሰን የሰበሩበት መሣሪያ፣ ከላላ ዳር ቆሞ ለቀረው ለዚህ ጎማ መልስ ሆኖ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመሬቱን ነገር አስቀድሞ ማንሳት ያስፈልጋል። መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ከላላና ጃማ ያሉበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በስተ ምዕራብ በዓባይ፣ በስተ ደቡብ በጃማ ሸለቆ የተቆረጠ ሰፊ አምባ ነው። ሜዳው ላይ ስንዴውን፣ ጤፉንና ጓያውን የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ አላት። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ሸክላው ውኃውን በንብርብሮቹ መካከል ይዞ ያብጥና ላዩ ድጥ፣ ውስጡ ማጥ ይሆናል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው የትኛው አገር እንደሄደ አላውቅም፣ ግን ነሐሴ ላይ በዚህ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ሌላ ማስረጃ አያሻውም ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም በዚህ አፈር ላይ ጠጠር አልብሷል። ጠጠሩ ላይ እስከሆኑ ድረስ ቪትዝም ትሄዳለች። ችግሩ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ነው። ዳሩ ዋልካ ነው፤ እናም አንድ ጎማ ብቻ ይገባል። አንድ ጎማ ብቻ መግባቱ ደግሞ ሁለቱም ከመግባታቸው ያልተሻለ ሆኖ መገኘቱ ነው የጉዳዩ እንቆቅልሽ።

እንቆቅልሹን ለመፍታት ከዋልካው ወጥተን ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ጉንደወይን፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ እንለፍ። መኪና በሚጠማዘዝበት መታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በቪትዝ ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ግማሽ ክብ መታጠፊያ ብቻ የውጪው ጎማ 4 ሜትር ተኩል ያህል ትርፍ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው ቢሆን ኖሮ አንዱ የግድ መንሸራተት አለበት፤ ጎማ ይበላል፣ መሪ እንቢ ይላል፣ ብረቱ ራሱ ይጠመዘዛል። ይህን ችግር በእንፋሎት በሚሄድ ሠረገላ ላይ አይቶ መፍትሔውን በ1827 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔክየር ነው። ዛሬ ዲፈረንሻል የምንለው ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም የሚርመሰመሰው ባጃጅ እንኳ በኋላ ሁለት ጎማዎቹ መካከል አንድ ትንሽ ዲፈረንሻል አለው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ኃይል ኮሮናውን፣ ማለትም ትልቁን ጥርሳም ቀለበት ያዞራል። ኮሮናው ላይ የታሰረው ቤት ውስጥ ትንንሽ ጥርሶች በአንድ ፒን ላይ ተሰክተዋል፤ እነሱ በግራና በቀኝ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ትንንሾቹ ጥርሶች በፒናቸው ላይ አይዞሩም፤ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ግን በፒናቸው ላይ ዞር ይሉና አንዱ ጎማ እንዲፈጥን፣ ሌላው በዚያው መጠን እንዲዘገይ ይፈቅዳሉ። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው የሁለቱን አማካይ ነው። ቪትዟ 40 ስታሳይ የግራው ጎማ ዜሮ ላይ ከነበረ፣ ጭቃ የሚረጨው የቀኙ በ80 እየሾረ ነበር ማለት ነው።

በሬ ጠምዶ ላረሰ ሰው የቀረውን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ቀንበር መሃሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ይታሰራል፤ በሬዎቹ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይስባሉ። አንዱ ትንሽ ሊቀድም፣ ሌላው ሊዘገይ ይችላል፤ ቀንበሩ ዘወር ይላል እንጂ አይሰበርም። አንዱ በሬ መሳብ ካቆመ ግን የሌላው ጉልበት ቀንበሩን ያዞራል እንጂ ማረሻውን አይስብም። የዲፈረንሻሉ ትንንሽ ጥርሶችም መሃላቸው ላይ ተገፍተው ለሁለቱም ጫፍ እኩል የሚሰጡ ናቸው። እኩል ስለሚሰጡ ደግሞ አንዱ መቀበል ከሚችለው በላይ ለሌላው መስጠት አይችሉም። ጭቃው ላይ ያለው ጎማ የሚይዘው መሬት ስለሌለው መቀበል የሚችለው ጥቂት ነው፤ ጠጠር ላይ ያለው ጤነኛ ጎማም የሚደርሰው ያው ጥቂት ነው። አልሰነፈም፤ ድርሻው አልደረሰውም።

በቁጥር ስናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ጭቃው ውስጥ ያለው ጎማ ሳይንሸራተት መያዝ የሚችለው የ20 ኪሎ ግፊት ነው እንበል፤ ጠጠሩ ላይ ያለው 150 ኪሎ ይችላል። መኪናዋን ከጉድጓዱ ለማውጣት 70 ኪሎ ያስፈልጋል። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም 20 ይሰጣል፤ ድምሩ 40 ነው። አትወጣም። ሞተሩን ብናጠነክረው 20ው 20 ሆኖ ይቀራል፤ የሚጨምረው የሹረቱ ፍጥነት ነው። የአንድ ሊትር ቪትዝ በባሕር ጠለል ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል አላት፤ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሯም ሩብ ያህሉን ጉልበት ታጣለች። ዳገት ላይ ይህ ያሳቅቃል። ጭቃ ውስጥ ግን ምንም ለውጥ የለውም፤ 50ውም ሆነ 500ው የፈረስ ጉልበት በዚያች 20 ኪሎ በር ማለፍ አለበት።

ነዳጅ እየረገጡ ማሾሩ ጉዳት ብቻ ነው። ትንንሾቹ ጥርሶች ለመታጠፊያ ያህል ዞር ዞር እንዲሉ እንጂ ለረዥም ጊዜ እንዲፈተሉ አልተሠሩም። አንድ ጎማ ቆሞ ሌላው ሲሾር እነሱ ፒኑ ላይ በኃይል ይፈተላሉ፤ ዘይቱ ከመካከላቸው ይወጣል፣ ፒኑ ይቧጠጣል፣ አንዳንዴም ጥርሱ ከፒኑ ጋር ይጣበቃል። ካምቢዮ ሲወርድ የተበላ ፒን የሚያይ መካኒክ መኪናው ጭቃ ውስጥ እንደዋለ ሳይነገረው ያውቃል።

«ፍሬኑን ትንሽ ረገጥ አድርገህ ነዳጅ ስጥ፣ ጉልበቱ ወደ ሌላው ጎማ ይሄዳል» የሚል ምክር በየመንገዱ ይሰማል። እዚያም ከገፊዎቹ አንዱ ይህንኑ ብሎ ነበር። ተራ ዲፈረንሻል ላይ አይሠራም። ፍሬን ሁለቱንም የፊት ጎማዎች እኩል ይይዛል፤ በጭቃው በኩል የተገኘውን ትርፍ በጠጠሩ በኩል ያለው ፍሬን መልሶ ይበላዋል። የእጅ ፍሬኑማ ቪትዝ ላይ የኋላ ጎማ ስለሚይዝ ጭራሹን ያስቀራታል። ምክሩ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሃመር በተባለው የአሜሪካ ጦር መኪና ላይ እውነት ነው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ቪትዟን ያወጣት ስሌት አይደለም። ቪትዝ ከአንድ ቶን ብዙም የማትርቅ መኪና ናት፤ ወጣቶቹ ፓራውልቷን ይዘው የቀኙን ጥግ ወደ ላይ አንሥተው ወደ ጠጠሩ አስጠጓት። አዛውንቱ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

ጋራዡ ጣልያንኛ የሚናገርበት ምክንያት

ኮሮና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣልያን የመጣ ነው፤ የቪትዝ አጥንትም እንዲሁ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዙ ሚኒ ሞተሩን በጎን አስተኝቶ የፊት ጎማ አስነድቷል፤ ካምቢዮውን ግን ከሞተሩ ሥር፣ ዘይቱ ውስጥ ነበር የከተተው። የፊያቱ መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አውጥቶ ከጫፉ ቀጠለው። በ1964 እ.ኤ.አ. በአውቶቢያንኪ ፕሪሙላ ሞከረው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በፊያት 128 ለብዙኃኑ አቀረበው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አነስተኛ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ በዚህ አቀማመጥ የተሠሩ ናቸው።

አቀማመጡ ቦታ ይቆጥባል፣ ርካሽ ነው፣ ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በደረቅም በእርጥብም አስፋልት ይይዛል። አንድ ዕዳ ግን አለበት። ካምቢዮው በአንድ በኩል ስለተቀጠለ ዲፈረንሻሉ መሃል አይሆንም። ስለዚህ ወደ ጎማ ከሚሄዱት ሁለት አክሰሎች አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር ይሆናል። ኃይል ሲበዛ ሁለቱ እኩል አይጠመዘዙም፣ አንግላቸውም እኩል አይሆንም፤ መሪው ከእጅ ላይ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በ70 የፈረስ ጉልበት ማንም ልብ አይለውም። በ200 ግን መኪናው ሹፌሩን የሚታገል ይሆናል።

ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ፎልክስዋገን በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ጎልፍ ጂቲአይ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ አውሮፓውያን ወጣቶች አበዱለት። አምራቾቹም በየጊዜው ጉልበት ይጨምሩ ጀመር። ለረዥም ጊዜ «ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት በፊት ጎማ አይሞከርም» የሚል እምነት ነበር። ምክንያቱ የመሪው መጎተት ብቻ አይደለም፤ መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲገባ መኪናው ወደ ውጪ ያዘነብላል፣ የውስጠኛው የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሬቱን ይለቃል፣ ይሾራል። ክብደቱን ሁሉ የተሸከመውና መሬቱን የጨበጠው የውጪው ጎማ ቆሞ ያያል። የከላላው ስሌት ነው፤ ልዩነቱ ጭቃ የለም፣ ፍጥነቱም 130 ነው።

ሆንዳ በ1995 እ.ኤ.አ. ኢንቴግራ ታይፕ አር ላይ ከፋብሪካ የገጠመው መልስ በዝንባሌ የተቆረጡ ጥርሶች ያሉት ዲፈረንሻል ነው። ፎርድ በ2002 እ.ኤ.አ. ፎከስ አርኤስን በ215 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ከእንግሊዙ ኩዌፍ ኩባንያ ተመሳሳይ ዲፈረንሻል ገጠመለት። መኪናው ያዘ፤ ግን ብዙ ፈታኝ ጋዜጠኞች መሪው ከእጃቸው ሊነጠቅ እንደሚታገል ጻፉ። ጤነኛው ጎማ ድርሻውን በድንገት ሲያገኝ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ራሱ ይጎትታልና። ፎርድ በ2009 እ.ኤ.አ. በተከታዩ ሞዴል ጉልበቱን ወደ 305 ሲያሳድግ የጎማውን መታጠፊያ አጥንት ራሱን እንደገና ነደፈው፤ ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ጎማው መሃል እንዲጠጋ አደረገ፤ ሆንዳና ሬኖም በየፊናቸው ተመሳሳይ መፍትሔ ወሰዱ። የቀረው የሩጫ ታሪክ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሬኖ ሜጋን አር26 አር ኑርቡርግሪንግን በ8 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ዞረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር በ320 የፈረስ ጉልበት 7 ደቂቃ ከ43.8 ሰከንድ አስመዘገበ። ሁለቱም የፊት ጎማ ነጂ፣ ሁለቱም መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ያላቸው ናቸው።

እኛ አገር እነዚህ መኪኖች የሉም ማለት ይቻላል፤ አንድ ዘመዳቸው ግን በየሰፈሩ አለ። ቶዮታ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሪስ ጂአርኤምኤን የተባለ መኪና ለአውሮፓ 400 ብቻ ሠራ፤ ለጃፓን ደግሞ 150 ቪትዝ። ያው የሰፈራችን ቪትዝ ቤተሰብ ነው፤ ሁለት በር፣ ባለ 1.8 ሊትር፣ አየር በኃይል የሚጨመርለት ሞተር፣ 212 የፈረስ ጉልበት። በፊት ሁለቱ ጎማዎች መካከል ደግሞ ቶርሰን ዲፈረንሻል።

ሃያው ሲባዛ

ቶርሰንን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቨርነን ግሊስማን ነው፤ የባለቤትነት መብቱን በ1958 እ.ኤ.አ. አግኝቷል። በውስጡ ያሉት ጥርሶች በዝንባሌ ስለተቆረጡ ኃይል ሲያልፍባቸው እርስ በርሳቸውና ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ይጫናሉ። አንዱ ጎማ ሊሾር ሲል ይህ ፍትጊያ ይይዘዋል፤ የተረፈው ኃይል ወደ ሌላው ይሄዳል። ምንም ኮምፒውተር የለም፣ ምንም ቁልፍ የለም። ገደብ ግን አለው፤ ለጤነኛው ጎማ መስጠት የሚችለው ደካማው ከያዘው የተወሰነ እጥፍ ነው፤ ሁለት ተኩል፣ ሦስት ቢሆን ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ደካማው 20 ያዘ፣ ጤነኛው ሦስት እጥፉን፣ 60 አገኘ። ድምሩ 80 ነው፤ የሚያስፈልገው 70 ነበር። ቪትዟ ያለ ሰው እርዳታ ትወጣለች። ጎማው ግን ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት ባይነካስ? ዜሮ ሦስት ጊዜ ቢባዛ ዜሮ ነው። በውድ የተገዛው ቶርሰን በዚያች ሰዓት ተራ ዲፈረንሻል ይሆናል። የፍሬኑ ብልሃት የሚሠራው እዚህ ነው። ሃመር ቶርሰን አለው፤ ሹፌሩ ፍሬን በትንሹ ሲረግጥ ለተንጠለጠለው ጎማ የ20 ኪሎ መያዣ ይሰጠዋል፣ ቶርሰኑ ያንን በሦስት አባዝቶ 60 ወደ ጤነኛው ይልካል፤ ፍሬኑ ከዚያ 20 ቢወስድም 40 ይተርፋል። ለዚህ ነው ለሃመር ነጂ መመሪያ የሆነው ነገር ለቪትዝ ነጂ ተረት የሚሆነው።

ሌላው ዓይነት በፍሪሲዮን ዲስኮች የሚሠራው ነው። ዲስኮቹ በስፕሪንግ አስቀድመው ስለሚጫኑ አንድ ጎማ አየር ላይ ቢሆንም የተወሰነ ይሰጣል። ዲስኮቹ ግን ይበላሉ፣ ዘይታቸውም የተለየ ነው። የቤት መኪና አምራቾች ከዚህ ይልቅ በየጊዜው ወደ ኮምፒውተር ዞረዋል። ፎልክስዋገን በ2013 እ.ኤ.አ. ለጎልፍ ጂቲአይ ኮምፒውተር የሚያዝዘው የፍሪሲዮን ዲስክ ገጠመ፤ ርካሾቹ ደግሞ ምንም ሳይጨምሩ ፍሬኑን ብቻ ያዝዛሉ። ኮምፒውተሩ የሚሾረውን ጎማ ብቻ ለይቶ በፍሬን ይይዛል። 100 ኪሎ ቢይዝበት ጤነኛው 120 ያገኛል፤ ድምሩ 140። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ክፍያው የፍሬን ሸራ መጋል ነው።

ሙሉ መቆለፊያስ? ለወረዳዎች አምቡላንስ ሆኖ የታደለው ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕ ስሙን ያገኘው በአራት ጎማ መንዳቱ ብቻ አይደለም። መቆለፊያ የተገጠመለት ዓይነት ሁለቱን ጎማ አንድ ያደርጋል፤ 20 ሲደመር 150። ሲኖትራክም ኋላው ላይ መቆለፊያ አለው። ስለ ከላላ መንገድ ምክር ብጠየቅ ይህንን ነው የምመርጠው፤ ለዚያ መንገድ ቶርሰን ቅንጦት ነው። ግን መቆለፊያ ለፊት ጎማ ነጂ መኪና አይሆንም፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ ቀጥታ እንጂ መታጠፍ አያውቅም። በዚያ ላይ የቪትዝ ሆድ ከመሬት ስንዝር አይሞላም፤ ዋልካው ውስጥ ሆዷ ካረፈ ጎማዎቿ ምን ቢከፋፈሉ ዋጋ የለውም። ለሷ የሚያዋጣው ሌላ ነው። በሚያዳልጥ ዳገት ወደ ኋላ መውጣት፤ ያኔ ክብደቱ ወደሚነዱት ጎማዎች ይወርዳል። ተሳፋሪ አራግፎ ሁለት ጎበዞችን ኮፋኖው ላይ ማስቀመጥም ይሠራል፤ ለኮፋኖው ግን አልመክርም።

ጉልበቱ በሌላ በር ገባ

ይህ ሁሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለእኛ የሰው አገር ወሬ ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየው አዲስ ሰሌዳ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከነሱም መካከል የቢዋይዲ ዶልፊን አለ (የሃያስ ሚኒባሱን ዶልፊን ማለቴ አይደለም)። የፊት ጎማ ነጂ ነው፤ ጠንከር ያለው ሞዴሉ 204 የፈረስ ጉልበት አለው። ከያሪስ ጂአርኤምኤን በ8 ብቻ ያንሳል። ቶዮታ ቶርሰን ሳይገጥም ለገበያ ያላወጣውን ያህል ጉልበት የሰፈር ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ይነዳዋል።

ከዚህም በላይ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል። የነዳጅ ሞተር እስኪያጉረመርም ድረስ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ይኸኛው ፔዳሉ በተነካ ቅጽበት ሙሉ ጉልበቱን ጎማው ላይ ያደርሳል። ዝናብ የመታው የአዲስ አበባ አስፋልት ላይ፣ ዳገት መሃል ቆሞ ሲነሳ፣ የሚንጫጫ የፊት ጎማ ድምፅ አሁን የተለመደ ነው። በጎማዎቹ መካከል ያለው ተራ ዲፈረንሻል ነው። የሚጠብቀው ኮምፒውተር ነው። ለነገሩ የኤሌክትሪክ ሞተር ለኮምፒውተር ከነዳጅ ሞተር በጣም ፈጥኖ ይታዘዛል፤ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጉልበቱን መቀነስና መመለስ ይቻላል። አስፋልት ላይ ይህ በቂ ነው፤ ለብዙ ሹፌር ከቶርሰን ይሻላል ብል አልሳሳትም። ዋልካ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር አለ። አንዱ መንሸራተት ሲያይ ሞተሩን ብቻ ያፍናል፤ ጎማው መሾሩን ያቆማል፣ መኪናውም ይቆማል። ሌላው የሚሾረውን ጎማ በፍሬን ለይቶ ይይዝና ጉልበቱን ወደ ጤነኛው ያሻግራል። ሻጩ ለሁለቱም «ትራክሽን ኮንትሮል አለው» ነው የሚለው።

ልዩነቱን ለማወቅ ኑርቡርግሪንግ መሄድ አያስፈልግም። መለስተኛ ዳገት ላይ መኪናው ይቁም። ከአንደኛው የፊት ጎማ ፊት ለፊት ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ የሳሙና ውኃ ይፍሰስበት፤ ሌላው ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ይሁን። መኪናው ላስቲኩ ላይ ወጥቶ ይቁምና ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን አይቶ ነዳጁን፣ ይቅርታ፣ ፔዳሉን በቀስታ መርገጥ ነው። ጉልበቱ ጠፍቶ መኪናው ዝም ካለ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የሚያዳልጠው ጎማ ትንሽ ሾሮ፣ ከሥሩ ግር ግር የሚል የፍሬን ድምፅ ተሰምቶ መኪናው ዳገቱን ከተያያዘ ሁለተኛው ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚህ ነው።